የጅማ ምሽት የሚጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው

የጅማ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪ ምሽት ላይ ስለሚገጥመው አደጋ ሲወራ ጨዋታው ሁልጊዜ ከጨለማው ይነሳል፤ ሌባ፣ ሰካራም፣ መብራት የሌለው መንገድ። ቤተሰብም በስልክ «ሲመሽ እንዳትወጣ» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ጅማ ላይ ግን ዘግይቶ የሚደርስ ምክር ነው። እዚህ ከተማ የብዙው ምሽት አደጋ የሚጠነሰሰው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያ ቁጭታ፣ ሲነጠፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የጎርፍ ቦይ ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ጨለማው ብቻ አይጥለውም። ያልበላው ምሳ፣ አራት ሰዓት ሙሉ የቃመው ጫት፣ በላዩ የደረበው ቢራና ባትሪው ያለቀ ስልኩ አንድ ላይ ተባብረው ነው የሚጥሉት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚሄደው በሰዓቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ተነስቶ እስከ ማግስቱ።

ከዚያ በፊት ስለ ሕጉ አንድ ነገር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። አብዛኛው አዲስ ገቢ 18 ወይም 19 ዓመቱ ነው። ይህን የምናነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ክልከላው የተጣለው በሻጩ ላይ መሆኑን ማወቅ ስለሚጠቅም ነው። ዕድሜ ሳይጠይቅ የሸጠላችሁ ቤት ውስጥ ጉዳት ቢደርስባችሁ «እኔም አጥፍቻለሁ» ብላችሁ አፋችሁን የምትዘጉበት ምክንያት የለም። የማይጠጣ ተማሪም ብዙ ነው፤ በሃይማኖት፣ በጾም፣ ወይም ዝም ብሎ ስላልፈለገ። ለማይጠጣው ሰው ከታች ያለው ግማሹ ነገር ይበልጥ ይመለከተዋል፤ ጓደኛውን ተሸክሞ የሚመለሰው እሱ ነውና።

በርጫና ጨብሲ

«ጨብሲ» የሚለውን ቃል አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያው ወር ይሰማዋል። ምርቃናን (ጫቱ የሚሰጠውን ንቃት) ለመስበር፣ እንቅልፍ ለማምጣት ተብሎ ከበርጫ በኋላ የሚጠጣ መጠጥ ነው። ለሰሚው ምክንያታዊ ይመስላል፤ ጫቱ ያነቃል፣ መጠጡ ያረጋጋል፣ ተጣፍተው ይካካሳሉ። አካላችን ውስጥ የሚሆነው ግን መካካስ አይደለም።

እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። መቃም ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርስና ከዚያ መውረድ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አልኮል ሲደረብበት ጫቱ የስካሩን ስሜት ይሸፍነዋል እንጂ ስካሩን አያጠፋውም። ጠጪው ራሱን ንቁ አድርጎ ያስባል፤ እግሩና ፍርዱ ግን ሰክረዋል። ሌላ ቀን በሁለት ቢራ የሚበቃው ልጅ አራተኛው ላይ «ገና ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ለዚህ ነው።

ሰዓቱን አስሉት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መቃም ተጀመረ፤ ምሳ የለም ወይም ሁለት ጉርሻ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገራባው ተጠርጎ ተወጣ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ቢራ ተከፈተ፣ እስከ 3 ሰዓት አራት ሆነ። ከዚያ በኋላ ጫቱ እየለቀቀ ይሄዳል። አልኮሉ ግን ቆሞ ይጠብቃል፤ መሸፈኛው ሲነሳ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ባጃጅ በሚጠፋበት፣ የግቢ በር ሊዘጋ በሚቃረብበት ሰዓት ላይ ነው። ጅማ ላይ አስቸጋሪው ነገር ይኸው መገጣጠም ነው።

ባዶ ሆድ ላይ ሌላም ችግር አለ። ጉበት አልኮል በማቃጠል ሥራ ሲጠመድ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ያልበላ ሰው የደም ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ ይልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። ጓደኞቹ «ሰክሯል» ብለው ችላ ይሉታል። በደንብ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ስጡት። መዋጥ ካልቻለ ምንም አፉ ውስጥ አትጨምሩ፤ የሐኪም ጉዳይ ሆኗል።

መፍትሔው ምንድን ነው? የኛ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አይገናኙ። የቃመ አይጠጣ። «እሺ» የማይል ሰው ቢያንስ ይህን ይያዝ፦ ከመቀመጡ በፊት ካፌ ገብቶ ምሳውን ይብላ፣ ሲቅም ውሃ በየመሐሉ ይጠጣ፣ ሲነሳ ደግሞ መጠጥ ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይና የሚወርድለትን ነገር ይብላ። ከበርጫ የተነሳ ሰው አፉ ደርቆ፣ ድዱ ቆስሎ በርበሬ የበዛበት ወጥ አይወርድለትም። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሙዝ፣ የአቮካዶ ጭማቂ ይወርዳል፤ አቮካዶ ደግሞ ጅማ ላይ አይቸግርም።

ስለ በርጫ ክፍሉም አንድ ነገር ልብ በሉ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቡና የሚፈላበት ከሰል እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አንዳንዴም ሺሻ ይጨመራል። ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለቃል። አንድ ሰው ብቻውን ራሱን ቢያመው ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማው ግን ከሰሉ ነው፤ በር ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ፣ የተዝለፈለፈውን ሐኪም ቤት አድርሱ። ሺሻን ያ አዋጅ ራሱ ይከለክለዋል፤ ፖሊስ ድንገት ቤቱን ቢፈትሽ እዚያ የተገኘ ተማሪ ምሽቱን ጣቢያ ሊያሳልፍ ይችላል።

ብርጭቆው ውስጥ ምን ያህል አለ?

አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ ከሆነ ውስጡ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ያስወግዳል። ማለትም አንድ ቢራ ከደም ለመውጣት ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት አራት ቢራ የጠጣ ሰው ደሙ ከአልኮል የሚነጻው ከሌሊቱ 6 እና 8 ሰዓት ተኩል መካከል ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ሎሚ፣ ማስታወክ ይህን ፍጥነት አይቀይሩትም። ቡና የሰከረውን ሰው ንቁ ሰካራም ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

ድራፍት የሚጠጣ ሰው ሒሳቡ የሚሳሳተው ጃምቦውን «አንድ» ብሎ ስለሚቆጥር ነው፤ ጃምቦ ከጠርሙሱ ይበልጣል። ጠጅ ጣፋጭነቱ ያታልላል። 10 በመቶ አልኮል ያለው ሩብ ሊትር ጠጅ 20 ግራም ገደማ ይይዛል፤ አንድ ቢራ ተኩል ማለት ነው። ጠጅ ቤቱ ደግሞ መጠኑን የሚነግር ወረቀት አይለጥፍም፤ አንዱ ቤት 7 በመቶ የሆነው ሌላው ጋ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዳግም አረቄ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ አንዷ 14 ግራም ናት፣ ከአንድ ቢራ ጋር እኩል። ልዩነቱ ቢራ ግማሽ ሰዓት ያቆያል፣ መለኪያዋ በአንድ ትንፋሽ ትጨለጣለች። በግማሽ ሰዓት ሦስት መለኪያ የጨለጠ ፍሬሽ ሦስት ቢራ በግማሽ ሰዓት ጠጥቷል፤ ገና የመጀመሪያዋ ሳትሰማው። ሴቶች ላይ በተመሳሳይ ክብደት እንኳ ያው መጠን ይበልጥ ይሠራል፤ በሰውነታቸው ውስጥ አልኮሉ የሚሟሟበት ውሃ ያንሳል። ወንዶቹ «እኩል እንጠጣ» ሲሉ እኩል አይደለም።

የሚዘነጋ ነገር፦ መድኃኒት። አዲስ ገቢ ተማሪ ውሃና ምግብ ሲቀየርበት ሆዱ ይታመምና አሜባ ወይም ጃርዲያ ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ይታዘዝለታል። እነዚህን ከአልኮል ጋር የወሰደ ሰው ፊቱ ሊቀላ፣ ልቡ በፍጥነት ሊመታ፣ ክፉኛ ሊያስመልሰው ይችላል። ሜትሮኒዳዞልን ከጨረሳችሁ በኋላ 2 ቀን፣ ቲኒዳዞልን ከጨረሳችሁ በኋላ 3 ቀን መጠጥ አትቅመሱ።

መጠጡ የታሸገ ይሁን፣ እፊታችሁ ይከፈት። ለስላሳም ቢሆን። ሽንት ቤት ስትሄዱ ብርጭቆውን ለታመነ ጓደኛ ስጡ፤ ጥላችሁት ከሄዳችሁ ተመልሳችሁ አትጠጡት። ሰው መጠጥ ውስጥ ከሚጨምረው ሁሉ ቀላሉ ሌላ መጠጥ ነው፤ ቢራ ውስጥ የተጨመረ አረቄ በጣዕም መለየት ቀላል አይደለም። ምልክቱ ይህ ነው፦ የጠጣው መጠንና የሚታየው ስካር አይመጣጠኑም። አንድ ቢራ የጠጣች ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መቆም ካቃታት ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከአጠገቧ የሚለይ ሰው አይኑር። «እኔ አደርሳታለሁ» የሚል የማታውቁት ሰው ከመጣ፣ ምንም ያህል ትሑት ቢሆን፣ መልሱ «አይ» ነው።

«ቤት እንቀመጥ»

አዲስ ገቢ ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ከባዱ ጉዳት ሁልጊዜ አደባባይ ላይ አይደርስም። ከግቢ ውጪ ቤት የተከራየ ሲኒየር የልደት ወይም የእንኳን ደህና መጣችሁ ግብዣ ይጠራል። መጠጥ ቤት አስተናጋጅ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ሌላ ጠረጴዛ አለ። ቤት ውስጥ ግን የበሩ ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ነው። ስለዚህ ግብዣውን ስትቀበሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ቤቱ የት ሠፈር ነው፣ ማን ማን አለ፣ የሚያበቃው ስንት ሰዓት ነው? መልሱን ለማይሄደው ዶርም ሜት በቴሌግራም ላኩለት፣ ከደረሳችሁ በኋላም ያላችሁበትን ቦታ የቀጥታ መከታተያውን ከፍታችሁ አጋሩት። «ስትመጪ ደውይልኝ፣ እወስድሻለሁ» ብሎ የቤቱን አድራሻ የማይናገር ጋባዥ ጋ አትሂዱ። እዚህ ላይ ማለሳለስ አንፈልግም።

ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ የለበሰችው፣ የጠጣችው፣ የሄደችበት ሰዓት ጥፋት አይሆኑም። ወንዶችም ላይ ይደርሳል። ቀዳሚው ነገር ሐኪም ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሸነን ጊቤ ሆስፒታል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፤ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እንክብልም በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል፣ እስከ 5 ቀን ግን ሐኪሙን መጠየቅ ዋጋ አለው። ከምርመራው በፊት ገላ አለመታጠብ፣ የተለበሰውን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት መያዝ ለማስረጃ ይጠቅማል። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባ ከሆነም መሄድ አለባት፤ መድኃኒቱ ለዚያ አይጠብቅም። አብሯት የሚሄድ ጓደኛ ሥራው መጠየቅ አይደለም፤ መያዝና ከጎኗ መቀመጥ ነው።

መመለሻው

ጅማ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨልማል። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ደግሞ አንድ ቦታ አይደሉም፤ ዋናው ግቢ፣ አግሪ፣ ቤኮና ኪቶ ፉርዲሳ በየአቅጣጫው ናቸው። አብራችሁ የወጣችሁ ልጆች የተለያየ ግቢ ከሆናችሁ መመለሻው ላይ ትበታተናላችሁ፤ ስለዚህ ስትወጡ ቢያንስ አንድ የግቢያችሁ ልጅ ይኑር። የበሩን መዝጊያ ሰዓት ከሲኒየር አትስሙ፤ ራሱን የበር ጥበቃውን ጠይቁ፣ ሰዓቱ ይለዋወጣልና። ባጃጅ የሚያቆምበት ሰዓትም እንደ ጸጥታው ሁኔታ ይቀየራል። ከሁለቱ የሚቀድመውን ያዙና ከዚያ አንድ ሰዓት ቀንሱ። የመመለሻ ሰዓታችሁ ይህ ነው።

ባጃጅ ስትይዙ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ፤ ከገቡ በኋላ መከራከር ጨለማ መንገድ ላይ ያስወርዳል። የታርጋውን ፎቶ አንስታችሁ ለዶርም ሜት ላኩ፣ ሹፌሩ እያየ ቢሆን ደግ ነው። ከኋላ ተቀመጡ። ከሹፌሩ ጎን ሌላ «ጓደኛዬ ነው» የሚባል ሰው ካለ ሌላ ባጃጅ ጠብቁ። ኮንትራት ከያዛችሁ መሐል ላይ ሌላ ተሳፋሪ እንዳይጨምር አስቀድማችሁ ንገሩት። ስልካችሁን በክፍቱ ጎን አትያዙ፤ ባጃጁ ለጉድጓድ ፍጥነቱን ሲቀንስ ነው እጅ ገብቶ የሚነጥቀው። ዝናብ ሲሆን ሸራው ይወርዳል፤ ከውጪ ማንም አያያችሁም፣ እናንተም የት እንዳላችሁ አታዩም። ያኔ የስልኩን ካርታ ከፍታችሁ መንገዱን ተከታተሉ።

ከሌላ ክልል ለመጣ ተማሪ ጥቂት የአፋን ኦሮሞ ቃላት ትልቅ ነገር ናቸው። «ሜቃ?» ስንት ነው፣ «አሲቲ ዻቢ» እዚህ አቁም፣ «ና ገርጋራ!» እርዱኝ። የመጨረሻውን አንድ ቀን እንዳታስፈልጋችሁ እየተመኘን፣ ጮክ ብላችሁ መናገር ተለማመዱት። የጅማ ሰው ሲጠሩት ይወጣል። በሚያውቀው ቋንቋ የተጠራ ደግሞ ፈጥኖ ይወጣል።

በእግር ከሆነ፦ ጅማ ዝናባም ከተማ ናት፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም፣ አዲስ ገቢ በሚቀበሉበት ወራት፣ ምሽት ላይ ይጥላል። የመንገድ ዳር ቦይ ሲሞላ ከአስፋልቱ እኩል ይሆንና አይለይም፣ ክዳኑ የተነሳ ቦታም አለ። መብራት ከጠፋ የመንገዱን ጠርዝ ትታችሁ ወደ ውስጥ ቀረብ በሉ፣ የስልክ ባትሪ ብርሃኑን ፊታችሁ ሳይሆን እግራችሁ ሥር አድርጉ። የአዌቱን ወንዝ ዳርና ድልድይ በሌሊት አቋራጭ ብላችሁ አትሂዱበት። ውሻ ከከበባችሁ አትሩጡ፤ ፊት ለፊት ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ አፈግፍጉ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ጠዋት ሳትሉ በዚያው ሌሊት ለክትባት ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።

ገንዘብ፦ የመመለሻ ባጃጅ ብር በጥሬው፣ ከቦርሳው ተለይቶ፣ ካልሲ ውስጥ ወይም የውስጥ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ቴሌብር ያለበት ስልክ ከተነጠቀ የሚቀድመው 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት ነው፤ ለቴሌብሩ 127 አለ። ይህን ለማድረግ ግን የሌላ ሰው ስልክ ስለሚያስፈልግ፣ የአንድ ዶርም ሜታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ዘንድሮ ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው ጠፍቷል።

በሩ ከተዘጋባችሁስ? ሜዳ ላይ አትዙሩ፣ አጥር አትዝለሉ፣ «እኔ ጋ እደሩ» ለሚል አዲስ ትውውቅ አትሸነፉ። በሩ ጋ ሂዱና ለጥበቃው እውነቱን ተናገሩ፤ ፕሮክተር (የዶርም ኃላፊውን) አስጠሩ። መዝገብ ላይ ስማችሁ ይሰፍር ይሆናል። ይስፈር። ከፔንሲዮን ክፍል፣ ከማታውቁት ሰው አልጋ፣ ከቦይ ዳር ይሻላል።

የታመመውን አትደብቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ይሄኛው እንዲነበብ እንመርጣለን። ተማሪዎች ራሱን የሳተ ጓደኛቸውን በሁለት ጎን ደግፈው፣ «ደክሞት ነው» ብለው በበር ያሳልፉና ዶርም አልጋ ላይ በጀርባው አጋድመው ይተኛሉ። ምክንያቱ ዲሲፕሊን መፍራት ነው። ሰው የሚሞተው ግን በዚያች አልጋ ላይ ነው። ጠጥቶ ራሱን የሳተ ሰው ማሳልና ጉሮሮውን ማጽዳት የሚያስችለው መከላከያ ይደክማል፤ በጀርባው ተኝቶ ሲያስመልሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ይወርዳል። በዚያ ላይ ጨጓራ ውስጥ የቀረው መጠጥ ወደ ደም እየገባ ስለሚቀጥል፣ መጠጣቱን ካቆመ በኋላም ስካሩ ሊጨምር ይችላል። «ተኝቶ ይለቀዋል» የሚባለው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በጎኑ የምታስተኙት እንዲህ ነው። በጀርባው ሆኖ ከጎኑ ተንበርከኩ። በእናንተ በኩል ያለውን እጁን ወደ ውጪ ዘርግታችሁ ክርኑን እጠፉት። የወዲያኛውን እጁን አምጥታችሁ የመዳፉን ጀርባ በእናንተ በኩል ካለው ጉንጩ ሥር አድርጋችሁ ያዙት። በሌላው እጃችሁ የወዲያኛውን ጉልበቱን አንስታችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ መላ አካሉ በጎኑ ይዞራል። ያጠፋችሁት ጉልበት ወደ ፊት ወጥቶ እንዳይገለበጥ ይደግፈው። አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፉ ወደ ፍራሹ ያዘንብል። ብርድ ልብስ ደርቡለት፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አልኮል ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። ውሃ አትድፉበት፣ ጣት አስገብታችሁ አታስመልሱት፣ ቡና አትጋቱት።

ከዚያ ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ። በደቂቃ ከ8 በታች ከሆነ፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ የከንፈሩ ውስጥ ወይም የጥፍሩ ሥር ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ከረጠበ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ትከሻውን ጨብጣችሁ በስሙ ስትጠሩት ዓይኑን ካልከፈተ፣ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ የግቢውን ክሊኒክ ወይም የበር ጥበቃውን መኪና ጠይቁ፤ ባጃጅም ቢሆን በጎኑ ይዛችሁ ውሰዱት። ለሐኪሙ የጠጣውን፣ የቃመውን፣ የወሰደውን ሁሉ ንገሩት። ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም፤ የሚጠይቀው ለመርዳት ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆኑ የታመመ ጓደኛውን ይዞ የመጣ ተማሪ እንደማይቀጣ በግልጽ ጽፈው በየዶርሙ ቢለጥፉ ከብዙ የሥነ ምግባር ስብሰባ ይልቅ ሕይወት ያተርፉበታል ብለን እናምናለን።

ከባድ ምልክት ባይኖርም አንድ ሰው ነቅቶ ይደር። ተረኛው በየ15 ደቂቃው ትንፋሹን ይቁጠር፣ በየሁለት ሰዓቱ ተራ ይቀያየሩ።

ጠዋት ሲነቃ ውሃና የሚበላ ነገር ስጡት። ለራስ ምታቱ ዲክሎፌናክ አትስጡት፤ የተላጠ ጨጓራ ላይ ያደማል። ፓራሲታሞልም ብዙ ከጠጣ ሰው ጉበት ጋር አይስማማም። ከዚያ ወደ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ዓይኑ ጠይቁት። አረቄ ጠጥቶ ከነበረ፣ በተለይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ፣ በውሃ ጠርሙስ የተገዛ ከነበረ፣ መጠጡ ሜታኖል የሚባል መርዛማ የአልኮል ዓይነት ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፤ በጣዕምም በጠረንም አይለይም። ጉዳቱ በዚያው ሌሊት አይታይም። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ፣ ሰውየው «ሐንጎቨር ነው» ብሎ ከተኛ በኋላ ይመጣል፦ ጭጋግ ወይም በረዶ የሚመስል ብዥታ በዓይን፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ቁና ቁና መተንፈስ። ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ማታ የጠጣው ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ ያን ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግባ። የተረፈውን ጠርሙስ ይዛችሁለት ሂዱ፤ አብረውት የጠጡትን ሁሉ ደውላችሁ ቀስቅሱ።